ቡድኑ ለምን ይበተናል? የሚና ጨዋታ ሲከፈት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ የአንድ ምናባዊ ሰው ሚና ይዞ ታሪኩን በቃል የሚጫወትበት ጨዋታ፣ ብዙ መልክ ይዟል፤ የመጀመሪያው ቀን ችግር ግን ያው ነው። አራት አምስት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ታሪኩን የሚመራው አጫዋች ደግሞ እነዚህን የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ምሽት የመንገድ ጓደኛ ሊያደርጋቸው ይሞክራል። መሰብሰቡ ብዙ ጊዜ ይሳካል። ነገሩ የሚፈርሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ሥራው አልቆ ክፍያው ሲከፈልና አንዱ ተጫዋች “የእኔ ሰውዬ ድርሻውን ይዞ አገሩ ይገባል እንጂ ከእነሱ ጋር ምን ያደርጋል?” ሲል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ተጫዋቹንም አስቸጋሪ ነው ማለት አይገባም።

ስለዚህ መነሻ ሲያዘጋጁ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይጠይቁ፦ ከቡድኑ አንዱ ነገ ጠዋት ብድግ ብሎ ቢሄድ ምን ያጣል? ቀሪዎቹስ?

ገጸ ባሕርያቱን ለየብቻ ማስፈጠር

የአብዛኛው ችግር ሥር እዚህ ነው። ተጫዋቹ ቤቱ ተቀምጦ ሁለት ገጽ ታሪክ ጽፎ ይመጣል፤ ወላጆቹ የተገደሉበት፣ ከሠራዊት የኮበለለ፣ ማንንም የማያምን። ጠረጴዛው ላይ ሲገናኙ አምስቱም እንደዚያው ናቸው። አጫዋቹ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ሰው ላለመጠጋት የተፈጠሩ አምስት ሰዎችን በአንድ ትዕይንት ማዋሐድ አይችልም።

መድኃኒቱ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ላይ ተቀምጦ መፍጠር ነው፤ ተጫዋቾች ሴሽን ዜሮ የሚሉት ይህንን ነው። የማስተሳሰሩ ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በተቀመጡበት ዙር እያንዳንዱ ተጫዋች በቀኙ ካለው ሰው ገጸ ባሕርይ ጋር አንድ ያለፈ ጉዳይ ይፍጠር። አምስት ሰው ባለበት ቡድን ጥንዶቹ 10 ናቸው፤ አሥሩንም ማገናኘት ድካም ነው፣ ጥቅምም የለውም። ዙሩ ሲዘጋ 5 ማሰሪያ ይገኛል፤ እያንዳንዱም በግራና በቀኙ ሁለት የሚያውቃቸው ሰዎች ይኖሩታል። የቀረውን መተዋወቅ ጨዋታው ራሱ ያመጣዋል።

አጠያየቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። “ትተዋወቃላችሁ?” ሲባል የሚመጣው መልስ “አዎ፣ አብረን ነው ያደግነው” ነው፤ ከእሱም ምንም አይወጣም። በጥያቄው ውስጥ ዕዳ፣ ምስጢር ወይም ውለታ ይክተቱበት። “እሷ የደበቀችልህ ነገር ምንድን ነው?” “ከአንቺ ተበድሮ እስካሁን ያልመለሰው ምንድን ነው?” “ሁለታችሁ አንድ ላይ የዋሻችሁት ማንን ነው?” መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር በገጸ ባሕርዩ ወረቀት ላይ ይስፈር። ቂም ያለበት መልስ በቡድን አንድ ቢኖር ጨዋታውን ያጣፍጠዋል፤ ሦስት ከሆነ ግን ምሽቱ በሙሉ ጭቅጭቅ ይሆናል።

ይህን በሕግ ደረጃ ያስገቡ ጨዋታዎች አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ፌት ኮር እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በሌሎች ሁለት ሰዎች ያለፈ ገጠመኝ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) ትራቭለር ደግሞ ሁለት ተጫዋቾች ያለፈ ሕይወታቸውን በአንድ ክስተት ካገናኙ ለሁለቱም አንድ አንድ ተጨማሪ ክህሎት ይሰጣል። ሁለተኛው ዘዴ የትኛውም ጨዋታ ላይ ቢወስዱት ይሠራል፤ ለመተሳሰር ትንሽ ሽልማት ሲኖር “የእኔ ሰው ብቸኛ ነው” የሚለው ድምፅ ወዲያው ይቀንሳል።

ጠጅ ቤት ማስቀመጥና መጠበቅ

ጠጅ ቤቱ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ እዚያ ምንም አለመፈጠሩ ነው። አጫዋቹ ቤቱን ይገልጻል፣ ተጫዋቾቹ በየተራ የገጸ ባሕርያቸውን መልክና ልብስ ይናገራሉ፣ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ከዚያ ጥግ ላይ ካባ የደረበ ሰውዬ “ሥራ አለኝ” ይላል። ሃያ ሰው ካለበት ቤት እነዚህን አምስቱን የመረጠበት ምክንያት፣ ተጫዋቾች ስለሆኑ ነው እንጂ ሌላ የለውም። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ከሥራ መሃል ይጀምሩ። “ከነጋዴዎቹ ጋር ሦስት ቀን ተጉዛችኋል፤ ዛሬ ጠዋት አንዷ በቅሎ ከነጭነቷ ጠፍታለች፤ ሌሊት ተረኛ ጠባቂ የነበረው ማነው?” መልኩም፣ ልብሱም፣ ጠባዩም ሰው ሲሠራ ይታያል፤ ለብቻው መዘርዘር አያስፈልገውም።

ገንዘብን ብቸኛ ማሰሪያ ማድረግ

“ለእያንዳንዳችሁ 10 ወርቅ” የሚል መነሻ ሁለት ቀዳዳ አለው። በድህነት ለመኖር የተሳለው መነኩሴ ወይም የባለጸጋ ልጅ የሆነው ባላባት ከመጀመሪያውም አይሳብበትም፤ የተሳቡትም ቢሆኑ ክፍያው እጃቸው ሲገባ ማሰሪያው ያልቃል። ገንዘብ መግፊያ ይሁን፣ ከጀርባው ግን የጋራ ጉዳት ይኑር።

ለአማርኛ ተናጋሪ ተጫዋቾች ማብራሪያ የማይፈልግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ዕቁብ። ምናባዊ የሆነች፣ ወንዝ ዳር ያለች የንግድ ከተማ ናት። ዕቁቡ 10 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ 3 ወርቅ ይጥላል፣ ዕጣው 30 ነው። አምስቱ አባላት የተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያት ናቸው። በዕጣው ቀን የዕቁቡ ዳኛ ቀረ። ቤቱ ሲታይ በሩ ክፍት ነው፣ ሣጥኑ የለም፣ መዝገቡ ግን አለ፤ በመዝገቡ ላይ በሌላ ቀለም የተጻፈ፣ ማንም የማያውቀው አሥራ አንደኛ ስም ሰፍሯል።

አሁን ቦታ ይደልድሉ። ካህኑ የጣለው የቤተ መቅደሱን ገንዘብ ነው፤ ለራሱ ወርቅ ባይፈልግም የሚጠየቅበት አለ። ሌባዋ ባለፈው ወር ዕጣ ወጥቶላት ገንዘቡን ወስዳ ጨርሳዋለች። ዋሷ ወታደሩ ነው። አስማተኛው የዛሬውን ዕጣ ሲጠብቅ የነበረው ዕዳ ስላለበት ነው። አዳኙ ደግሞ የዳኛው የእህት ልጅ ስለሆነ የሰፈሩ ዓይን እሱ ላይ ነው። ማንም ማንንም አልቀጠረም፤ አምስቱም ግን ዛሬ ማታ እንቅልፍ የላቸውም።

እዚህ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ዋስትናው ነው። ዕቁብ ሲፈርስ ሰዉ መጀመሪያ የሚይዘው ቀድሞ የወሰደውን ነው። ሌባዋ ከከተማ ብትጠፋ ወታደሩ ይከፍላል፤ ስለዚህ ወታደሩ ከዓይኑ አያርቃትም፣ እሷም ብቻዋን የትም መሄድ አትችልም። ሣጥኑ በሁለተኛው ሳምንት ቢገኝ እንኳ ቀሪዎቹ ዙሮች እስኪያልቁ ዋስትናው አይፈታም። ከቡድኑ አንዱ ነገ ጠዋት ቢሄድ የሚጎዳው በስም የሚታወቅ ሌላ ተጫዋች ነው። ይህን የሚያደርግ መነሻ ከተገኘ ጭራቁና ሀብቱ በኋላ ይደርሳሉ።

አንዱን ሙሽራ፣ ሌሎቹን ሚዜ ማድረግ

የጠፋው ንጉሥ የአንዱ ገጸ ባሕርይ አባት ከሆነ፣ ሌሎቹ አራቱ ለዚያ ሰው ሲሉ የሚሮጡ አጃቢዎች ናቸው። ትዕይንቱ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ያዘነብላል፤ ሌሎቹ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። ደግሞም ያ ተጫዋች አንድ ሳምንት ቢቀር ጨዋታው ይቆማል።

የአንዱን ታሪክ መጠቀም ከተፈለገ ያው ክስተት ቢያንስ ለሌሎች ሁለት ሰዎች በሌላ ገጽ መታየት አለበት። ለልጁ አባቱ ነው፤ ለወታደሩ ደሞዙን የከለከለው አዛዥ ነው፤ ለነጋዴዋ ደግሞ ካለ እሱ ማኅተም ሸቀጧ ከኬላ የማያልፍ ባለሥልጣን ነው። በሰውየው መገኘት ሦስቱም ይስማማሉ፤ ሲገኝ ምን እንደሚደረግበት ግን አይስማሙም። ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

መነሻውን ዳይስ ላይ ማንጠልጠል

“ምልክቱን ማየታችሁን ለማወቅ ዳይስ ወርውሩ” ይባላል፤ ሁሉም ይስታሉ፤ ጨዋታው እዚያው ይሞታል። ሒሳቡን እንየው። በባለ 20 ገጽ ዳይስ፣ በችሎታው ምክንያት ውጤቱ ላይ 2 የሚጨመርለት ሰው፣ አጫዋቹ ያስቀመጠው ገደብ 15 ከሆነ፣ እዚያ ለመድረስ 13ና ከዚያ በላይ መጣል አለበት፤ ዕድሉ 40 በመቶ ነው። አራት ሰው ቢሞክር እንኳ አራቱም የሚስቱበት ዕድል 13 በመቶ ገደማ ነው። ከስምንት መክፈቻ አንዱ በር ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ታሪኩ ካለ እሱ የማይሄድ ፍንጭ ከሆነ ያለ ዳይስ ይስጡት። ዳይሱ የሚወስነው ሌላ ነገር ይሁን፤ ፍንጩን ቀድሞ ማን እንዳየው፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ሲያዩ ማን እንዳያቸው።

ረጅም መቅድም ማንበብ

የሦስት ሺህ ዓመት የነገሥታት ታሪክ ማንም አይሰማም። የሚነበበው ጽሑፍ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ስም፣ አንድ ያልተፈታ ነገር ይያዝ፤ መጨረሻው “ምን ታደርጋላችሁ?” ይሁን። ሌላው ታሪክ ተጫዋቹ ሲጠይቅ ይነገረዋል። ካልጠየቀ አላስፈለገም።

እምቢ የማይባል፣ ወይም እምቢ የሚያስብል ጥሪ

እስር ቤት መጀመር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ችግር ስላለባቸው ቶሎ ያዋሕዳል። ግን ተጫዋቹ ግማሽ ሰዓት አስቦ የመረጠውን ሰይፍና የአስማት መጽሐፍ ገና ሳይነካው ይነጥቀዋል። ማምለጫው አንድ ብቻ ከሆነና እሱም በአጫዋቹ ልብ ውስጥ ካለ፣ የሚያዋሕዳቸው በአጫዋቹ መናደድ ይሆናል። ቢያንስ ሦስት መውጫ ያዘጋጁ፤ አንዱ በጉልበት፣ አንዱ በድብቅ፣ አንዱ ጠባቂን በማግባባት። በመጀመሪያው ምሽት መጨረሻም ከእስር ወጥተው ዕቃቸውን፣ ወይም ዕቃቸው ያለበትን ቦታ ያግኙ።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ጤነኛ ሰው የማይቀበለውን ሥራ ማቅረብ ነው። ማንም በሕይወት ያልተመለሰበትን ዋሻ ለማያውቁት ሰው ሲሉ ማን ይገባል? የዚህ መፍትሔ ግማሹ የተጫዋቹ ነው። በሴሽን ዜሮ ላይ የዘመቻውን፣ ማለትም ለሳምንታት የሚቀጥለውን ታሪክ፣ ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሯቸውና “ለዚህ እሺ የሚል ሰው ፍጠሩ፤ ለምን እሺ እንደሚል የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ” ይበሉ። ይህ ጨዋታን ማበላሸት አይደለም፤ ድንገተኛነቱ የሚጠበቀው ከጉዳዩ ውስጥ ነው፣ ከጉዳዩ ስም አይደለም።

የመጀመሪያውን ውጊያ ማክበድ

አብሮ መዋጋት ሰውን ያቀራርባል፤ በሌቭል 1፣ ማለትም በጀማሪነት ደረጃ፣ ግን ሞት ቅርብ ነው። በደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የ2014 እ.ኤ.አ. እትም አንድ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) ሲመታ በአማካይ 5 ተኩል ጉዳት ያደርሳል፤ ጥሩ ጥንካሬ ያለው ጀማሪ አስማተኛ እንኳ 8 ሂት ፖይንት (ከመውደቁ በፊት የሚችለው የጉዳት መጠን) ነው ያለው። ትጥቅ ካልለበሰ፣ መከላከያው 12 ከሆነ፣ ጎብሊኑ ከ100 ውስጥ 65 ጊዜ ይመታዋል። ሁለት ጎብሊን ካነጣጠሩበት ተራው ሳይደርስ ሊወድቅ ይችላል። ገና ስሙን ያልለመዱት ጓዳቸው ወደቀ፤ አልቃሽም የለው።

ጠላቱን ከተጫዋቾቹ ቁጥር ያሳንሱ፤ ሌሎቹ በሦስተኛው ዙር ይምጡ። ከሁሉም የሚሻለው ከመግደል ሌላ ዓላማ መስጠት ነው፤ የሚቃጠለውን ጋሪ ማዳን፣ ድልድዩ ሳይፈርስ ቁስለኛውን ማሻገር። አንዱ ሲዋጋ ሌላው ካልተሸከመ የማይሳካ ሥራ ሲሆን መረዳዳቱ ሳይሰበክ ይመጣል።

የጋራ የሆነ ነገር ሳይተዉ መጨረስ

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ለገጸ ባሕርያቱ ብቻ ሳይሆን ለቡድኑም የራሱ ወረቀት አለው፤ ስሙ፣ ይዞታው፣ ዝናው እዚያ ይጻፋል። ሌላ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ይህን ማድረግ አያቅተውም። ለአምስት ሊካፈል የማይችል ነገር ይስጧቸው፦ አንድ ጀልባ፣ የአንድ ቤት ቁልፍ፣ በአምስቱም ስም የተጻፈ ዕዳ። ወርቅ ብቻ ከሰጧቸው ተካፍለው መለያየት ይችላሉ።

ተጫዋቾቹ ከመነሣታቸው በፊት አሥር ደቂቃ ያስቀሩና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በሚቀጥለው ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማን ለማን ምን ቃል እንደገባ፣ በማሰሪያዎቹ ላይ ዛሬ ምን እንደተለወጠ። የሚቀጥለውን ሳምንት ዝግጅት ከሁለተኛው ይጀምሩ።