ስኮርታውንም አዙሩት

የመኪናችሁ ስኮርታ (ትርፍ ጎማው) ከአራቱ ጎማዎች ጋር በመጠንም በዓይነትም አንድ ከሆነ፣ ጎሚስታ ስትገቡ አምስቱንም አዟዙሩ። ብዙ ሰው ስኮርታውን ይረሳዋል። እኔም ረስቼው ጣርማ በር ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። ስኮርታውን ሳወርደው ጥርሱ ገና አዲስ ነው፤ ጎኑ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ጎማ ቆሞም ያረጃል! ዕድሜውን ጎኑ ላይ DOT ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ ታገኙታላችሁ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 2319 ከሆኑ፣ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው።

ለፎር ዊል ድራይቭ መኪና የተለመደው አዟዟር እንዲህ ነው፦ ስኮርታው ወደ ቀኝ ኋላ፣ የቀኝ ኋላው ወደ ቀኝ ፊት፣ የቀኝ ፊቱ ወደ ግራ ኋላ፣ የግራ ኋላው ወደ ግራ ፊት ይሄዳል። የግራ ፊቱ ስኮርታ ይሆናል። በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትሩ ብታደርጉት አምስቱም እኩል ያልቃሉ፤ አንዱ ሲፈነዳም የምትቀይሩት ጎማ ከሌሎቹ ብዙም አይለይም።

ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለበትን ጎማ ግን በዚህ መንገድ አታዟዙሩ። ቀጭኗን ጊዜያዊ ስኮርታም አታስገቡ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ እባካችሁ።