ከለመዱት ሥራና መንገድ ላይ ካነሱት ዕቃ ልብ ወለድ ዓለም እንዴት ይፈጠራል?

ልብ ወለድ ዓለም ለመፍጠር የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ በካርታና በነገሥታት የዘር ሐረግ ይጀምራል። ተራራው ተሰይሞ፣ ጦርነቱ ተቆጥሮ ሲያልቅ ግን እዚያ አገር ውስጥ ጠዋት ተነስቶ ሥራ የሚሄድ ሰው አይታይም። እኔ የምመክረው እጅዎ ከለመደው ሥራና አንስተው ካስቀመጡት ዕቃ እንዲጀምሩ ነው።

1. ያለዎትን ይጻፉ

በትርፍ ጊዜዎ የሚሠሩትን ሁሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ሹራብ መሥራት፣ ንብ ማነብ፣ ቴምብር መሰብሰብ፣ ሬዲዮ ፈታቶ መግጠም። ከጎኑ ያገኟቸውን ዕቃዎች ይጻፉ፦ ጠጠር፣ በሩ የጠፋ ቁልፍ፣ ያረጀ ሳንቲም። “ይሄ ምን ይረባል” ያሉትንም አይተዉ።

2. መልኩን ትተው ሕጉን ይውሰዱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ንብ አናቢ ዓለሙ ውስጥ ግዙፍ ንቦች ቢያስገባ ያተረፈው ትንሽ ነው፤ ያንን ቀፎ ከፍቶ የማያውቅም ያስበዋል። አናቢው የሚያውቀው የንቦቹን አኗኗር ነው። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ሠራተኛ ንብ የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ሲሆን ንግሥቲቱ ግን ዓመታት ትቆያለች። ስለዚህ ማሩን ያከማቸችው ንብ ብዙውን ጊዜ ማሩ የተከማቸለትን ክፉ ወቅት ሳታይ ትሞታለች። አበባ ያገኘች ንብ ደግሞ ተመልሳ ማር እንጀራው ላይ እየጨፈረች አቅጣጫውንና ርቀቱን ለእህቶቿ ትነግራለች። የዚህን ጭፈራ ትርጉም የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

አሁን ሕጉን ወደ ሰው ያምጡት። ዘሪው ትውልድ አዝመራውን የማይቀምስበት፣ ያለፈውን የምታስታውሰው ገዥዋ ብቻ የሆነችበት ከተማ ምን ይመስላል? እሷ ብትዋሽ ማን ይመሰክርባታል? መንገድ የሚነገረው በጭፈራ ብቻ ከሆነ፣ እግሩ የተሰበረ መልእክተኛ ምን ይውጠዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲጠይቁ ታሪክ ጀምረዋል ማለት ነው።

3. ዕቃውን ይመርምሩ

ያገኙትን ዕቃ ይያዙና ማን ሠራው፣ ምን ምልክት አሳረፈበት፣ እንዴት እዚህ ደረሰ ብለው ይጠይቁ። ደረቅ ኮረብታ ላይ የተገኘ ድቡልቡል ለስላሳ ጠጠር አንድም ድሮ ውኃ አልፎበታል፣ አንድም ሰው ተሸክሞ አምጥቶታል። የመጀመሪያው መልስ የደረቀ ወንዝና የተሰደደ ሕዝብ ይሰጥዎታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስእለት።

የሳንቲምን ጠርዝ በጣትዎ ይዳብሱ። ብዙዎቹ ጥርስ አላቸው። ሳንቲም ከወርቅና ከብር ይሠራ በነበረበት ዘመን አጭበርባሪዎች ዳር ዳሩን እየላጩ ያጠራቅሙ ነበር፤ ጥርሱ የወጣለት የተላጨው ወዲያው እንዲታወቅ ነው። ይህች ምልክት ሌባን፣ ዳኛን፣ ሚዛኑን ይዞ የተቀመጠ ተጠራጣሪ ነጋዴን አብራ ታመጣለች። ቴምብርም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ተለጣፊ ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1840 ብሪታንያ ውስጥ ሲወጣ ሌላ አገር ቴምብር ስላልነበረው የአገር ስም አልተጻፈበትም፤ የብሪታንያ ቴምብር ዛሬም በንጉሥ ወይም በንግሥት ምስል እንጂ በአገሩ ስም አይታወቅም። በእርስዎ ከተማ በሩ ላይ ስም የማይጽፈው ቤተሰብ የትኛው ነው? ጎረቤቶቹስ ስለዚህ ምን ይላሉ?

4. ሁለቱን ያጋጩ

ከዝርዝርዎ የማይገናኙ ሁለት ሕጎች ይምረጡና አንድ ከተማ ውስጥ ያስገቡ። መንገድ በጭፈራ በሚነገርበት አገር፣ እንደ ሳንቲም ጠርዝ ጭፈራውን ከዳር ዳሩ እየሸረፈ መንገደኛን የሚያሳስት ሰው ቢነሳ? ሕዝቡስ የተሸረፈውን ጭፈራ በምን ይለየዋል? ለመነሻ ሁለት ይበቃሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር አንዱን እንኳ ጠልቆ ማየት ያቅታል።

5. አንድ ሰው የሚውልበትን ቀን ይጻፉ

ንጉሡን ትተው ከሥራው የማይለይ ሰው ይምረጡ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይከተሉት። እጁ የሚያውቀውን ያሳዩ። ሹራብ የሚሠራ ሰው አንዲት የክር ቀለበት ከሹራብ መርፌው ስታመልጥ ክሩ እስከ ታች እንደሚተረተር ያውቃል፤ ሳያይ በጣቱ ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሥራውን ካልሠሩት አይገኝም።

ቋንቋውንም ከሥራው ያውጡት፤ ብዙ ጸሐፊ ይህን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከካርታ ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ሰው የሚረግመውም የሚመርቀውም በሚኖርበት ነገር ነው። በዚያች የጭፈራ ከተማ እናት የተቆጣችውን ልጅ “መንገድህን የሚጨፍርልህ አይኑር!” ትለዋለች። ሽማግሌዎች ሙሽሮችን ሲመርቁ “ያከማቻችሁትን ያብላችሁ” ይላሉ፤ የሚሰማው ሁሉ ያከማቸውን እንደማይበላ ስለሚያውቅ ያለቅሳል። ትርጉሙን ከሥር አያብራሩ።

6. ሥራውን ለሚያውቅ ያስነብቡ

ንብ የሚያነብ፣ ሹራብ የሚሠራ አንድ ሰው ፈልገው ረቂቁን ይስጡት። ስለ ድርሰቱ ውበት አይጠይቁት፤ “እጁ የተሳሳተበት ቦታ የት ነው?” ብቻ ይበሉት። እሱ ያሰመረበትን መስመር አስተካክለው ወደ ሁለተኛው ቀን ይለፉ።