ባለቤት ላጣ የካርድ ጨዋታ ውድድር ማዘጋጀት፦ ችግርና መፍትሄ

ይሄ ጽሑፍ ስምንት ያህል ሰው ሰብስቦ የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን የካርድ ጨዋታ ውድድር ማካሄድ ለሚፈልግ ነው። ጨዋታው ከተቋረጠ ቆይቷል። ያወጣው ዲሳይፈር የሚባል፣ ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ የነበረ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው ስብስብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ወጣ፣ የመጨረሻው በ2007። ፈቃዱ ሲያልቅ ህትመቱም አብሮ አለቀ። እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከኖርፎክ በመኪና ሦስት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ወደ ሰሜን ነው የምኖረው። ጥቂት ሰዎች ሆነን በዓመት ሁለት ሦስቴ እየተገናኘን እንወዳደራለን።

እስካሁን ያየሁት ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ድሮ የትኛው ካርድ እንደተከለከለ፣ የትኛው ጽሑፍ እንደታረመ፣ ሰዓት ሲያልቅ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ኩባንያው ነበር። አሁን የሚወስን የለም። አዘጋጁ አስቀድሞ ያልወሰነው ነገር በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጭቅጭቅ ሆኖ ይመጣል። ለዚህ ነው ከታች ካሉት መፍትሄዎች ብዙዎቹ ከውድድሩ ቀን በፊት የሚሠሩት።

«ካርዱ እንደዛ አይልም!»

ምልክት፦ የመጀመሪያው ዙር ገና አስር ደቂቃ ሳይሞላው ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ካርድ ይጣላሉ። አንዱ ካርዱን አንስቶ ያነባል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ሌላ ነገር ያነባል።

ምክንያት፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ጨዋታውን የሚያውቀው ከወረቀቱ፣ ከልጅነቱ ነው። ሌላው የሚጫወተው ጌምፕ ላይ ነው፤ ጌምፕ ይሄን ጨዋታ በነጻ በኢንተርኔት የምንጫወትበት ቦታ ነው። ኩባንያው ከተወው በኋላ ተጫዋቾች ራሳቸው የተጫዋቾች ምክር ቤት አቋቁመው ሕጉን ይጠብቃሉ፤ አንዳንድ ካርዶች ላይም የራሳቸውን እርማት አውጥተዋል። ስለዚህ አንድ ካርድ የታተመበት ጽሑፍ፣ ዲሳይፈር በኋላ ያረመው ጽሑፍ፣ ከዚያም ምክር ቤቱ ያረመው ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል።

መፍትሄ፦ ግብዣው ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የትኛውን ፎርማት እንደምትጫወቱ (ማለትም ከየትኞቹ ስብስቦች የወጡ ካርዶች እንደሚፈቀዱ) እና የማን እርማት እንደሚሠራ። እኔ ለትንሽ ውድድር የምመርጠው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስብስቦች ብቻ፣ በዲሳይፈር የመጨረሻ እርማት ነው። የምክር ቤቱ እርማት መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ የታሰበበት ሥራ ነው። ግን ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ካርቶኑን ከጓዳ አውጥቶ የሚመጣው ሰው፣ እጁ ላይ ያለው ካርድ የተጻፈበትን ነገር እንዲሠራ ይፈልጋል። ሁሉም የጌምፕ ተጫዋቾች ከሆኑ ግን ገልብጡት። የታረሙትንና የተከለከሉትን ካርዶች ዝርዝር አትማችሁ በየጠረጴዛው አንድ አንድ አስቀምጡ። ስልክ ማውጣት ያኔ ይቀራል።

ሁለት ተጫዋች፣ ሁለት መንገድ

ይሄ ትንሽ ነው፣ ግን ውድድሩን ገና ሳይጀመር ያቆመዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ዘጠኝ የስፍራ ካርዶች ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም የሚጓዙት በአንድ የጋራ መንገድ ላይ ነው። ወደ አዲስ ስፍራ ስትሄዱ ስፍራውን የሚያወጣው ተጋጣሚያችሁ ነው። ታዲያ አንዱ የመጀመሪያውን ፊልም ስፍራዎች፣ ሌላው የሦስተኛውን ይዞ ከመጣ መንገዱ አይገጥምም። ከ11ኛው ስብስብ ከሻዶውስ ጀምሮ ደግሞ ስፍራዎቹ ላይ የተራ ቁጥር እንኳን የለም። መፍትሄው የትርፍ ስፍራዎች ጥቅል መያዝ ነው። ስፍራዎች ከሌላው ካርድ ይልቅ ርካሽ ናቸው፤ ሁለት ሙሉ ዘጠኝ ዘጠኝ በፖስታ አድርጋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ጣሉ።

ዴኩ ሲቆጠር የማይገጥመው

ምልክት፦ ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ሰው ዴኩ 31 ለ29 መሆኑን ራሱ ያገኘዋል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል።

ምክንያቱ ማጭበርበር ሆኖ አላየሁም። በዚህ ጨዋታ ዴክ ማለት ቢያንስ 60 ካርድ ነው፤ ግማሹ የነጻ ሕዝቦች (በራሳችሁ ተራ የምትጫወቱባቸው ጥሩዎቹ)፣ ግማሹ የጥላ (በተጋጣሚያችሁ ተራ የምታወጡበት ጭራቆቹ)፣ እኩል በእኩል። ከአንድ ካርድ ከአራት በላይ አይፈቀድም። ሰው ጠዋት ከቤት ሲወጣ አንድ ካርድ ይቀይርና የትኛው ወገን እንደነበር ይረሳዋል።

ሲመጡ ሁለቱን ወገን ለይተው ጎን ለጎን እንዲቆልሉት አድርጉ። ቁልሉ እኩል ካልሆነ ከሩቅ ያስታውቃል፤ አንድ ካርድ ግን አያስታውቅም፣ እሱን ቁጠሩት። ከተጀመረ በኋላ ስህተት ከተገኘ እኔ ሰው አላባርርም። ትርፉን አስወጥቼ፣ ከሌላው ወገን ተራ ካርድ አስገብቼ፣ ጨዋታው ካለበት እንዲቀጥል አደርጋለሁ። ሁለት ሰዓት ነድቶ የመጣን ሰው በአንድ ካርድ መሸኘት አግባብ አይመስለኝም።

«ሰባት ነው!» «አይ፣ አምስት ነው!»

የጨዋታው ውበትም ጭቅጭቁም እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ለባልንጀሮቻችሁ፣ ማለትም በመንገዱ ላይ ለሚጓዙት ጀግኖቻችሁ፣ የምትከፍሉት ዋጋ አይጠፋም። መሐል ጠረጴዛ ላይ ይጠራቀምና ተጋጣሚያችሁ ጭራቆቹን የሚያወጣበት ገንዘብ ይሆናል። ራሳችሁን ባጠናከራችሁ ቁጥር ጠላታችሁን ትቀልባላችሁ ማለት ነው። ይሄን ክምችት ትዋይላይት ይሉታል። ወደሚቀጥለው ስፍራ ስትንቀሳቀሱ ደግሞ የስፍራው የጥላ ቁጥር ይጨመራል፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ባልንጀራ አንድ። ቁጥሩ 3 የሆነ ስፍራ ላይ አምስት ሆናችሁ ከገባችሁ 8 ትጨምራላችሁ።

ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ጥላውን የሚጫወተው ሰባት አለኝ ይላል፣ ሌላው አምስት ነው ይላል፣ ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ቀለበት ተሸካሚው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሮዶ፣ ራሱ እንደ ባልንጀራ እንደሚቆጠር ይረሳል፤ ባልንጀሮቹን ሲቆጥሩ ዓይን ፍሮዶን ይዘለዋል። ሁለተኛ፣ ጭራቁ ላይ የተጻፈው የስፍራ ቁጥር አሁን ካላችሁበት ስፍራ የሚበልጥ ከሆነ ሲወጣ 2 ተጨማሪ እንደሚያስከፍል ይረሳል። ሦስተኛው የመቁጠሪያው ዕቃ ነው። ዳይስ የሚጠቀም ሰው አለ። እጅጌ ሲነካው ይገለበጣል፣ አምስት የነበረው ሁለት ይሆናል፣ ማንም አላየም።

መፍትሄዬ ጥሬ ቡና ነው። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና። ዶቃ ይንከባለላል፣ ሳንቲም ይደራረባል፤ ቡና ግን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ አረንጓዴነቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ሲኒው ከጎን ይቀመጣል፣ ፍሬው መሐል ላይ በአምስት በአምስት ይደረደራል። የሚጨምረው ሰው ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይጨምራል። የሚያወጣው ሰው ካርዱን ከማስቀመጡ በፊት ቡናውን ያነሳል፤ መጀመሪያ ክፍያ፣ ከዚያ ካርድ። ይሄን ካስለመድኩ ወዲህ ስለ ትዋይላይት ዳኛ የሚጠራ ሰው በጣም ቀንሷል።

ጠብ ከተነሳ በግምት አትዳኙ። ከተራው መጀመሪያ ጀምራችሁ አብራችሁ ደምሩ፦ በዚህ ተራ የወጡት ካርዶች ዋጋ፣ የስፍራው ቁጥር፣ የባልንጀሮቹ ብዛት። ከዚያ የወጡትን ጭራቆች ዋጋ ቀንሱ። ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ ስላሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ያመነው ሰውም ያላመነው ሰውም ድምሩን በዓይኑ ያያል።

ሰዓቱ የሚያልቅባቸው ጨዋታዎች

ምልክት፦ ሦስት ጠረጴዛ ጨርሶ ቡና እየጠጣ ነው፣ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ገና ስፍራ 5 ናቸው።

ሰው ዘገምተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መንገዱ ዘጠኝ ስፍራ ነው፤ በሁለት ሰው ጨዋታ በአንድ ተራ ቢበዛ ሁለቴ ነው መንቀሳቀስ የሚቻለው። ሁለቱም እየተጠነቀቁ አንድ አንድ ስፍራ ብቻ ከሄዱ ይረዝማል። በዚያ ላይ ካርዶቹን ለዓመታት ያላያቸው ሰው እያንዳንዱን እንደ አዲስ ነው የሚያነበው።

ለዙር 60 ደቂቃ ስጡ። 45 ላይ ተናገሩ። ሰዓቱ ሲያልቅ የተጀመረው ተራ ያልቃል፤ ሁለተኛው ተጫዋች አንድ ተራ የሚቀረው ከሆነ እሱም ይጫወታል፣ እኩል ተራ እንዲደርሳቸው። ከዚያ በመንገዱ ርቆ የሄደው ያሸንፋል። እኩል ከሆኑ ቀለበት ተሸካሚው ላይ ትንሽ ሸክም (የቀለበቱን ጫና የሚቆጥር ምልክት) ያለበት። አሁንም እኩል ከሆኑ ትንሽ ባልንጀራ የሞተበት። ይሄ የኛ ቤት ሕግ ነው፤ እናንተ ሌላ ልታወጡ ትችላላችሁ፣ ብቻ አንድ ይኑራችሁ።

ለምን አቻ አልፈቅድም? ስምንት ሰው ሦስት ዙር በስዊስ ስርዓት፣ ማለትም ያሸነፈ ካሸነፈ እየተገናኘ ሲጫወት፣ አቻ ከሌለ በመጨረሻ ሦስቱንም ያሸነፈ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። አንድ አቻ ከገባ ይሄ ውብ ስሌት ይፈርሳል፣ ከዚያ የተጋጣሚዎችን ድል እየቆጠሩ ማብራራት ነው። ከዘጠኝ እስከ አስራ ስድስት ሰው ከሆናችሁ ደግሞ አራት ዙር ያስፈልጋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሰዓቱን ሕግ ከጨዋታው በፊት ንገሯቸው። ማን ይጀምር የሚለው የሚወሰነው በሸክም ጨረታ ነው፤ ሁለቱም በድብቅ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ትልቁን የጻፈው ይመርጣል፣ ግን የጻፈውን ያህል ሸክም ቀለበት ተሸካሚው ላይ ይጭናል። የፍሮዶ አቅም 10 ነው፤ ሸክሙ እዚያ ከደረሰ ተሸነፈ። ሰዓት ሲያልቅ ሸክም እንደሚቆጠር የሚያውቅ ሰው 4 ከመጻፉ በፊት ሁለቴ ያስባል። መጨረሻ ላይ ከነገራችሁት የተበደለ ይመስለዋል፣ ተበድሏልም።

የተጣመሙ፣ የማይነበቡና የሌሉ ካርዶች

የቨርጂኒያ በጋ እርጥበት አለው። የሚያብረቀርቁት ፎይል ካርዶች በእርጥበት ይጎብጣሉ፤ ዴክ መሐል ሆነው ከጎን ሲታዩ የት እንዳሉ ያስታውቃሉ። ይሄ ምልክት እንደተደረገበት ካርድ ነው፣ ባለቤቱ ባያስበውም። መጽሐፍ ሥር አስቀምጦ ማቃናት ለአንድ ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጎብጣል። ሁሉም ካርድ ጀርባው የማያሳልፍ አንድ ዓይነት ስሊቭ (የካርድ ፕላስቲክ ልባስ) ውስጥ ይግባ። ፎይሉ አሁንም ከታወቀ በተራው እትም ይቀየር። በመሐል የሚቀደድ ስለማይጠፋ አዘጋጁ ሁለት ትርፍ ጥቅል ስሊቭ ይያዝ።

የማይነበብም አለ። ካርዱ በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም ታትሟል፤ ጽሑፉ በኤልፎቹ ፊደል፣ በቴንግዋር የሆነ ፎይልም አለ። ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ተጋጣሚው ሊያነበው ስለማይችል ባለቤቱ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አትሞ አብሮ ያምጣ።

የሌሉት ካርዶች ጉዳይ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ምትክ ይፈቀድ፣ ያለ ገደብ። በጥቁርና ነጭ ታትሞ በተቆረጠ ወረቀት፣ ስሊቭ ውስጥ ተራ ካርድ ፊት ላይ ገብቶ። አዲስ ጥቅል የሚያትም የለም፣ ያለው እየተወደደ ነው የሚሄደው። አንዳንዶች «ሰብሳቢውን መናቅ ነው» ይላሉ። ሰብሳቢው ካርዱን ይዞ ይምጣና ያሳየን፣ ደስ ብሎን እናያለን። ግን ገንዘብ ያለው ብቻ የሚጫወት ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚጫወትበት ሰው አያገኝም።

ሰባት ሰው ሲመጣ

ሁሌም አንድ ሰው ይቀራል። መኪናው፣ ልጁ፣ ሥራው። ጎዶሎ ሲሆን አንዱ በየዙሩ ያለ ተጋጣሚ ቁጭ ይላል። እኔ ሁለት የተዘጋጁ ዴኮች ይዤ እሄድና ጎዶሎ ከሆነ ራሴ እገባለሁ፤ ውጤቴ አይቆጠርልኝም፣ ያሸነፈኝ ግን ድሉ ይቆጠርለታል። ሁለተኛው ዴክ ለእንግዳ ነው፤ ወንድሙን ሊያደርስ መጥቶ ቁጭ ብሎ የቀረ ሰው አለ፣ አሁን ከደንበኞቻችን አንዱ ነው። አምስት ብቻ ከሆናችሁ ስዊሱን ተዉት፣ ሁሉም ከሁሉም ይጫወት፤ አምስት ዙር ይሆናል፣ በየዙሩ አንድ ሰው ያርፋል።

ሁለተኛው ውድድር ላይ ግማሹ የማይመጣው

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ውድድር ፈጅቶብኛል። ሽልማቱን በሙሉ ለአሸናፊው ሰጥተን ነበር። ሁለቴ የተሸነፉት ሦስተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ሄዱ፣ የሚያቆያቸው ነገር አልነበረም።

አሁን ሁሉም ሰው ሲመጣ ከትርፉ አምስት ካርድ፣ ወይም ያልተከፈተ ጥቅል ካለው እሱን፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። መጨረሻ ላይ ካርዶቹ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋሉ። አንደኛ የወጣው አንድ ይመርጣል፣ ሁለተኛው አንድ፣ እያለ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል፤ ከዚያ ከመጨረሻው ሰው ይጀምርና ወደ ላይ ይመለሳል። መጨረሻ የወጣው በተከታታይ ሁለት ካርድ ያነሳል። ሰው ተሸንፎም ቢሆን ይቆያል፣ ለሚፈልገው ካርድ ዓይኑን ጥሎ።

የሚቀጥለውን ቀን ያን ጊዜ ነው የምንቆርጠው፣ ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው ካርድ እየመረጡ ሳለ። በማግስቱ በመልእክት ለመቁረጥ ስሞክር አንድ ወር ፈጅቶብኛል።