ባንኮክ ላይ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ፦ ጋለሪ እንዴት ይጎበኛል?

ባንኮክ የሚሄድ የሀገራችን ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ለህክምና ነው፣ ወይ ዕቃ ሊያመጣ። ሁለቱም ውስጥ መጠበቅ አለ። የምርመራው ውጤት ነገ ይደርሳል ይሏችኋል፣ ካርጎው ደግሞ ከነገ ወዲያ። መሀል ላይ ያለውን ቀን ወይ ሆቴል ተኝተን ወይ ከሞል ሞል ስንዞር እንጨርሰዋለን። እኔም አክስቴን ላሳክም ሄጄ ሦስት ቀን እንደዚያ ካቃጠልኩ በኋላ ነው ጋለሪ መግባት ትዝ ያለኝ። የሥዕል ሰው አይደለሁም። ግን የሚሄድ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ይህንኑ ስለምደጋግም አንዴ ጽፌው ልረፍ።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ሰኞ አትሂዱ። እኔ ሰኞ ሄጄ፣ አክስቴን በዚያ ሙቀት አስከትዬ፣ የተዘጋ በር አይቼ ተመልሻለሁ። እስከ ማታ አላናገረችኝም። ትንንሾቹ ጋለሪዎች ማክሰኞንም የሚዘጉ አሉ፣ አንዱ ኤግዚቢሽን ወርዶ ሌላው እስኪሰቀል ድረስ ለቀናት በራቸውን የሚቆልፉም አሉ። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የጋለሪውን ኢንስታግራም እዩ። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ብዙም አትሳሳቱም።

ለጀማሪ አንድ ቦታ ብቻ ንገረን ካላችሁኝ በ2008 የተከፈተው የባንኮክ የጥበብና የባህል ማዕከል ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። መግቢያው ነፃ ነው። ኤምቢኬ የሚባለውን ሞል የማያውቅ አበሻ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ማዕከሉ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊቱ ነው። ስንቱ ሰው ስለ ስልክ ከቨር ዋጋ ሲከራከር ውሎ፣ ቀና ብሎ ሳያየው ሀገሩ ይገባል!

ናና ሰፈር ካረፋችሁ መንገዱ ቀላል ነው። ከላይ በድልድይ የሚሄደውን ባቡር ትይዛላችሁ። ሦስተኛው ፌርማታ ሲያም ነው፣ እዚያ ወርዳችሁ ናሽናል ስታዲየም የሚለውን ትቀይራላችሁ። አንድ ፌርማታ ብቻ ነው። ከጣቢያው የሚወጣው መተላለፊያ ቀጥታ ወደ ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ያስገባችኋል፣ አስፋልት መርገጥ የለም። ከአየር ማረፊያ የምትመጡ ደግሞ በኤርፖርቱ ባቡር እስከ ፋያ ታይ፣ ከዚያ ወደ ሲያም። ታክሲ አልመክርም፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ማዕከሉ ጋ ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቆማችሁ ቆማችሁ ነው።

ገበያ ሳትወጡ በፊት ግቡ፣ ፌስታል ተሸክሞ ጋለሪ መዞር ስቃይ ነው። ነጠላም ሆነ ሹራብ ያዙ፣ ውጭ ያላባችሁን ላብ ውስጥ ያለው ኤሲ ያደርቀዋል። ከዚያ ከታች አትጀምሩ። ታች ያሉት ካፌና ሱቆች ናቸው፣ ቁጭ ካላችሁ አትነሱም። በሊፍት እስከ 9ኛ ፎቅ ውጡና ወደ 7ኛው እያያችሁ ውረዱ፣ ዋና ዋናዎቹ ኤግዚቢሽኖች እዚያ ናቸው። የሕንፃው መሀል ክብ ነው፣ ነጭ ነው፣ መውረጃውም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደረጃ አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ አስተያየቱ። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። አንዴ ቶሎ ቶሎ ዙሩና ዓይናችሁን የያዙ ሦስት ሥራዎች ምረጡ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ እነሱ ፊት ቁሙ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አንብቡት፣ ቀድማችሁ ካነበባችሁ ያነበባችሁትን ፍለጋ ነው የምትገቡት። አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም። አክስቴ የገባችው ሥራውን ብላ አልነበረም፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ስላየች ነው። ቪዲዮ ነበር። አንዲት አሮጊት ሰሃን ታጥባለች፣ ድምፅ የለውም፣ ሌላ የሚሆን ነገርም የለም። እኔ ሁለት ደቂቃ አይቼ ወጣሁ። እሷ እስኪያልቅ ቆይታ ስትወጣ «ይቺ ሴትዮ የምታጥበው የራሷን ሰሃን አይደለም» አለችኝ። ጽሑፉን ሄጄ ሳነበው፣ ሴትዮዋ ለካ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። ከአያያዟ ነው ያወቀችው።

የሁለት የታይላንድ አርቲስቶችን ስም ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። አንዱ ሪርክሪት ቲራቫኒጃ ነው። የዲፕሎማት ልጅ ነው፣ በ1961 ቦነስ አይረስ ተወልዶ ከልጅነቱ የተወሰነውን ያሳለፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በ1992 ኒውዮርክ ጋለሪ ውስጥ ሩዝና ከሪ እየሠራ ለገባው ሰው ሁሉ በነፃ አበላ፣ ሥራው ያ ነበር። አብሮ መብላት ጥበብ ነው ሲባል ፈረንጅ ብዙ ጽፎበታል፤ እኛ ግን ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ሌላው በ2000 ያረፈው ሞንቲየን ቡንማ ነው። ሚስቱ በካንሰር ታማ ከሞተች በኋላ የመድኃኒት ቅጠላ ቅጠል የሚሸትባቸው፣ ሰው ገብቶ የሚተነፍስባቸው ሥራዎች ሠርቷል። ከሆስፒታል ኮሪደር ለሚመጣ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል።

ከወደዳችሁት በማግስቱ ትንንሾቹ ጋ ሂዱ። ሳቶርን አካባቢ ባንኮክ ሲቲሲቲ ጋለሪ አለ፣ ናራቲዋት ሶይ 22 ላይ ደግሞ ሪርክሪት ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ጋለሪ ቨር አለ። ሶይ ማለት ቅያስ ነው። በሩ የግል ግቢ ይመስላል፣ አትፈሩ፣ ገፋ አድርጋችሁ ግቡ። ደጅ ላይ ጫማ ካያችሁ የእናንተንም አውልቁ። እጃችሁን አጋጥማችሁ ትንሽ ጎንበስ ካላችሁ ሰላምታው አለቀ። ማንም «ምን ልርዳችሁ» እያለ አይከተላችሁም፣ ዋጋ ማወቅ ከፈለጋችሁ የዋጋ ዝርዝር ጠይቁ፣ ጠየቃችሁ ማለት ትገዛላችሁ ማለት አይደለም። ለፎቶ ፍላሽ አጥፉ። ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ ቀልድ የሚባል ነገር ግን ከአፋችሁ አይውጣ፣ ሕጉ ያሳስራል።

ሞካ የሚባለው በ2012 የተከፈተ የግል ሙዚየምም አለ። ራቅ ይላል፣ ያስከፍላል፣ ታክሲ ይፈልጋል። የሠዓሊውን የታዋን ዱቻኒን ጥቁርና አስፈሪ አውሬዎች ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ድካሙ አያስቆጭም። ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም።

ስትመለሱ በኛ አቆጣጠር ማታ 12 ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ከሆናችሁ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጀምር ያ ሁሉ ሕዝብ በቆመበት ቀጥ ይላል። ብሔራዊ መዝሙራቸው ነው፣ እናንተም ቁሙ። አክስቴ ምን እንደሆነ ስላልገባት አማተበች።