ወረርሽኝ ሲገባ እድሩ ምን ያድርግ?

ወረርሽኝ ወደ ሰፈር ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰበው አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ሰው ኮሚቴውን እስኪያውቀውና እስኪያምነው ግን ሳምንታት ያልፋሉ። እድር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ። መዝገብ፣ ጡሩንባ ነፊ፣ ድንኳንና ወንበር አለው፤ ከሁሉም በላይ «እድሩ ብሏል» ሲባል ሰው ይሰማል። ሥራው ከዚያ ይጀመር።

መጀመሪያ መዝገቡን አድሱ፤ ሁለት ቀን ይበቃል። የእድር መዝገብ ትልቁ ጉድለት እድርተኛ ያልሆነውን አለማየቱ ነው። ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ በየአጥሩ ጥግ የሚያድሩት ልጆች አይገኙበትም። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ሲጋራ በሽታው መዋጮ የከፈለውን ካልከፈለው አይለይም። ስለዚህ በአባል ሳይሆን በግቢ መዝግቡ። ለእያንዳንዱ ቤት የሚነሳ ስልክ ቁጥር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ መኖራቸውን፣ ነፍሰ ጡር መኖሯን፣ የማይቋረጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መኖሩን ጻፉ። የበሽታውን ስም አትጠይቁ፤ «መድኃኒት የሚያመጣ ሰው ቢያስፈልግ እንድናውቅ ነው» ማለት ይበቃል። ይህን የያዘው ገጽ ከጸሐፊው እጅ አይውጣ። ከዚያ ለየ15 ወይም 20 ቤቱ አንድ ተጠሪ ምረጡ። ተጠሪው በየቀኑ ቤቱ የሚገኝ ሰው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ እናቶች ይሻላሉ።

መልእክት የሚወጣው ከአንድ አፍ ብቻ ነው። ጸሐፊው ከጤና ጣቢያው ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሰማውን ጽፎ መልሶ ያነብላታል፤ እሷ «ትክክል ነው» ስትል ብቻ ይነገራል። ባለሙያዋ ካልተገኘች የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 አለ። ጡሩንባ ነፊው የሚለው ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ለምሳሌ፦

«የሰፈራችን ሰዎች፣ ዛሬ ሐሙስ ጥቅምት 10 ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣ መልእክት ነው፦ ሳልና ትኩሳት ያለበት ሰው ከቤት አይውጣ፣ ለተጠሪው ይደውል። ምግብና ውሃ በሩ ድረስ ይመጣለታል። ቀጣዩ መልእክት እሁድ ጠዋት ነው።»

ቀኑ የግድ መነገር አለበት። ቀን የሌለው ማስታወቂያ ከወር በኋላም በስልክ ይዞራል፣ የተሻረው ትእዛዝ እንደ አዲስ ይሰማል። «ምግብ ይመጣለታል» የሚለውም ለማጽናኛ የገባ አይደለም፤ የዕለት ጉርሱን ወጥቶ የሚያገኝ ሰው ያለ እሱ ቤቱ ሊቀመጥ አይችልም። ጠዋት 1 ሰዓት ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ማታ 12 ሰዓት ሲመለስ ይነገር። መስማት ለተሳነው ተጠሪው በጽሑፍ ያድርስ። ቅዳሴ ሲያልቅና ከጁምዓ ሶላት በኋላ ካህኑና ኢማሙ ያንኑ ቃል ቢደግሙት የማይሰማ ቤት አይኖርም። የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ከጸሐፊው በቀር ማንም መጻፍ እንዳይችል ይዘጋ፤ ካልሆነ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ የድምፅ መልእክት እውነተኛውን ይውጠዋል።

ወሬ ስታስተካክሉ ከእውነቱ ጀምሩ። «አረቄ በሽታውን ይገድላል የሚባለው ውሸት ነው» ስትሉ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ነው። «እጅ የሚያጸዳው ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ነው፤ አረቄ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም፣ መጠጣቱም አያድንም» በሉ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የሚበላውን አትዝለፉ። ይብላ፣ ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱንም አያዘግይ።

ጥንቃቄው በበሽታው መተላለፊያ ይወሰናል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተነገረ በኋላ ብዙ ጉልበት የፈሰሰው እጅ መታጠብ ላይ ነበር። መታጠቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያ በሽታ በዋናነት የሚዛመተው በታፈነ ቤት አየር ነው። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ መስኮት መክፈትና ማስክ ይቀድማሉ። ለኮሌራ ውሃ ማፍላት ወይም ማከም፣ መጸዳጃ ቤትና ሳሙና ይቀድማሉ።

ለእጅ መታጠቢያ ቀጭን ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በግቢው በር ላይ ይቀመጥ። ደረቅ ሳሙና ውጭ ሲቀመጥ ይጠፋል። በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ያህል የዱቄት ሳሙና ሟሙቶ፣ ክዳኑ በምስማር በተበሳ ሃይላንድ ተደርጎ በገመድ ቢታሰር ግን አይሰረቅም። ጀሪካኑን ማን እንደሚሞላ በስምና በቀን ካልተጻፈ በሦስተኛው ቀን ባዶ ይሆናል።

በረኪና ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ወለል፣ የበር እጀታና ወንበር ለማጽዳት አንድ እጅ በረኪና ከ49 እጅ ውሃ ጋር ይበጠበጣል፤ ይህም ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ትውከትና ተቅማጥ የነካው ቦታ አንድ እጅ በ9 እጅ ውሃ ይፈልጋል። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ምክንያቱም እድፍ የበረኪናውን ኃይል ይበላዋል፤ ከዚያ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆይ። በሙቅ ውሃ አይበጥበጥ፣ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ጉልበቱ ያለቀ ነው። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው ላይ መርጨት አይከላከልም፣ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። የተበጠበጠው በውሃ ሃይላንድ ከተቀመጠ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል፤ ዕቃው ይለይ፣ «በረኪና» ተብሎ ይጻፍበት፣ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶ ነው። «አትድረሱ» ማለት አይሠራም፣ ሰውም ይጎዳል፤ አደራረሱ ይለወጥ። ከሁሉ በፊት የቀሪ ቅጣቱን አንሱ። ቅጣት ካለ እያሳለው የሚመጣ ሰው ይኖራል። የድንኳኑ ሦስት ጎን ይጠቅለል፣ ወንበር ቢያንስ በ1 ሜትር ይራራቅ፣ በየተጠሪው ተራ በሰዓት ተከፋፍሎ ይደረስ። እጅ ደረት ላይ አድርጎ አንገት ዝቅ ማድረግ ለመሳም ምትክ ይሁን። ንፍሮው በሳፋ ከሚዞር በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ይታደል፤ ሲኒ በአንድ ሳፋ ውሃ እየተለቀለቀ መዞሩ ይቅር። መዋጮ በቴሌብር ይላክ፣ ስልክ ለሌለው ተጠሪው ይቀበል። አስከሬኑን ስለ ማጠብና መገነዝ ግን ራሳችሁ አትወስኑ። እንደ ማርበርግ ባለ በሽታ አስከሬኑ ራሱ ያስተላልፋል፤ ባለሙያ ሳይጠየቅ ማንም አይንካ።

የታመመ ሰው ላለበት ቤት ሁለት ጎረቤት ይመደብ። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው ራቅ ይበሉ፤ ጠዋትና ማታ ይደውሉ። ሲደውሉ የሚጠይቁት ቁርጥ ያለ ይሁን፦ ትንፋሽ ያጥረዋል? ደረቱን ይወጋዋል? ከንፈሩ ጠቆረ? ንግግሩ ተምታታ? አንዱ ከታየ ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የታማሚው ስም በጡሩንባም በግሩፕም አይነገር። አንድ ቤት አንዴ ከተጠቆመ ቀጣዩ ታማሚ ሕመሙን ይደብቃል፣ ያኔ መዝገቡም ተጠሪውም ዋጋ አይኖራቸውም።

ወረርሽኙ ማብቃቱ በይፋ ሲነገር ስለ መድኃኒት የተጻፈበት ገጽ በእድሩ ዳኛ ፊት ተቀዶ ይቃጠል። የስልክና የግቢ ዝርዝሩ ይቆይ፤ በየስድስት ወሩ ይታደስ።