«ሜሞሪስ ኦፍ መርደር»ን እንዴት እንመልከተው?

የተከታታይ ገዳይ አደን ፊልም ስንከፍት ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ «ገዳዩ እሱ ነው» ብሎ መወራረድ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። የደቡብ ኮሪያው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን ይህን ፊልም በዚያ ዓይን የሚያይ ሰው ግን ዋናው ነገር ያመልጠዋል፤ እዚህ ላይ መከታተል የሚገባን መርማሪዎቹን ነው።

አስቀድሞ ዘመኑን ማወቅ ይጠቅማል። ታሪኩ የተቀዳው ከ1986 እስከ 1991 በደቡብ ኮሪያዋ ህዋሶንግ አካባቢ 10 ሴቶችና ልጃገረዶች ከተገደሉበት እውነተኛ ጉዳይ ሲሆን፣ ግድያው ሲጀመር አገሪቱን የሚገዛት አምባገነኑ ጄኔራል ቹን ዱ ህዋን ነበር። ስለዚህ መርማሪዎቹ ተጨማሪ ኃይል ሲጠይቁ፣ ፖሊሱ ሰልፍ ሊበትን ሄዷል የሚል መልስ የሚያገኙበትን ትዕይንት በዋዛ አንለፈው።

ሬሳ ወደተገኘበት የሩዝ ማሳ ስንደርስ ስልካችንን እናስቀምጥ። ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተላል፤ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ አለቃው ከማሳው ዳር ቁልቁል ተንሸራትቶ ይወድቃል፣ መርማሪው ፓርክ እየጮኸ ሊያስቆመው ሲሞክር ትራክተር ብቸኛውን የእግር አሻራ ደፍጥጦት ያልፋል። ምርመራው ያኔውኑ ተበላሽቷል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቀጥሎ ዓይን ዓይኑን ማየት ነው። ሶንግ ካንግ ሆ የሚጫወተው ፓርክ የሰውን ዓይን አይቶ ወንጀለኛን እንደሚለይ ይመካል፤ አለቃው ግን ጣቢያው ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶችን አሳይቶ አንዱ ደፋሪ፣ ሌላው የተበዳይዋ ወንድም መሆኑን በመንገር «የትኛው የትኛው ነው?» ሲለው መልሱን እኛም አንሰማም። ይህን ጥያቄ ይዘን እስከ መጨረሻው ምስል ብንቆይ፣ ፓርክ ወደ ካሜራው አፍጥጦ ሲያይ ማንን እንደሚፈልግ ይገባናል።

ፊልሙን ያላየ አንባቢ እዚህ ላይ አቁሞ ቢመለስ ይሻለዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ግን የሚከተለውን ማወቅ ያስፈልጋል፦ በ2019 የዲኤንኤ ምርመራ ሊ ቹን ጄ የተባለ፣ የሚስቱን እህት ገድሎ ከ1994 ጀምሮ የታሰረ ሰው ላይ ደረሰ፤ ወንጀሉን ቢያምንም የይርጋው ጊዜ አልፎ ስለነበር ሊከሰስ አልቻለም። በስምንተኛው ግድያ 20 ዓመት ገደማ የታሰረ ሌላ ሰውም በ2020 ነፃ ተባለ። ቦንግ ያንን የመጨረሻ እይታ ያስቀመጠው ገዳዩ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል ብሎ ነበር። ሊ ፊልሙን እስር ቤት ውስጥ አይቶታል፤ ፍርድ ቤት በምስክርነት ቀርቦ ሲጠየቅ እንደ ማንኛውም ፊልም እንዳየው ተናገረ።