የአምባዛ ፂም ደንገል ሲሆን፦ እንስሳና ተክል አዋህዶ መሳል

የጎንድ ሥዕል አይታችሁ የማታውቁ አንድ አጋዘን አስቡ። ቀንዱ ከጭንቅላቱ ይወጣል፣ ይረዝማል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅጠል ያበቅላል፣ በመጨረሻ ወፎች የሰፈሩበት ዛፍ ይሆናል። ቀንዱ የት አልቆ ዛፉ የት እንደጀመረ አታውቁም። እኔን የማረከኝ ይህ ነው።

ጎንዶች በማዕከላዊ ሕንድ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ዛፍ ለእነሱ እንዲሁ ማስጌጫ አይደለም፤ ትልቁ አምላካቸው ባራ ዴቭ የሚያድረው ሳጃ በሚባል ዛፍ ውስጥ ነው ይላሉ።

እኛ ባሕር ዳር ሆነን ስንሞክረው ብዙ ሰው ጉማሬ ይስልና ክንፍ ይቀጥልበታል። እንዲህ አታድርጉ፣ ልጥፍ ሆኖ ይቀራል። የአጋዘን ቀንድ ድሮም ቅርንጫፍ ይመስላል፤ ሠዓሊው የተከተለው መመሳሰሉን ነው። ስለዚህ ጠዋት ጣና ዳር ውረዱና ዓሣ አስጋሪዎቹ ያወጡትን አምባዛ በደንብ እዩት። 8 ፂም አለው። ፂሙን ወደ ላይ ብታስረዝሙት የደንገል አገዳ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ያንን ጎፈሬውን ጨምሩበት። ደግሞ ሁለቱም የአንድ ውሃ ልጆች ናቸው።

ዓሣውን በጎን ሳሉት፣ ትልቅ አድርጋችሁ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ስለሆነ እጃችሁ ሊያመነታ ይችላል፤ እዚህ ግን እንደዚያ ዓይነት ትርጉም የለውም። ከከንፈሩ ወደ ፂሙ፣ ከፂሙ ወደ አገዳው ስትሄዱ እርሳሱን አታንሱ። ከዚያ አንድ ወጥ ቀለም ቀቡትና በደንብ ይድረቅ።

ዋናው ሥራ አሁን ነው የሚመጣው። ጎንዶች ገላውን ባዶ አይተዉትም፤ በነጠብጣብ፣ በአጫጭር ሰረዝ፣ በዓሣ ቅርፊት፣ በግማሽ ጨረቃ ይሞሉታል፣ እያንዳንዱ ሠዓሊም እንደ ፊርማ የሚታወቅበት የራሱ አሞላል አለው። የፓታንጋር መንደሩ ጃንጋር ሲንግ ሽያም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቦፓል ከተማ ሄዶ ጎንዶች በቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚስሉትን ሥዕል ወደ ወረቀትና ሸራ ሲያመጣው የራሱን ነጠብጣብ ይዞ ነበር፣ ከእሱ በኋላ የመጡትም የየራሳቸውን አገኙ። እናንተም የእነሱን አትቅዱ። የመሶብ ስፌት አለ፣ የቀሚስ ጥለት አለ። እኔ የወሰድኩት የታንኳውን ማሰሪያ ነው፤ ደንገሉ ጎን ለጎን ተደርድሮ በገመድ ሲጠፈር የሚሠራውን ሰረዝ። ሰረዙ የገላውን ጉብታ ተከትሎ ይሂድ፣ ቀጥ ብሎ ከሄደ ዓሣው ጠፍጣፋ ይሆንባችኋል። ፂሙ ጋ ስትደርሱ አሞላሉን አትቀይሩ፣ ያው ሰረዝ እየሳሳ እስከ አገዳው ጫፍ ይውጣ። መጋጠሚያውን የሚደብቀው እሱ ነው።

ነጭ ነጠብጣቡን በስቴኪኒ ጫፍ አድርጉት። ጀርባውን ባዶ ተዉት፣ ሐይቅ መሳል አያስፈልግም። ለሰው ስታሳዩት ወይም ስትሸጡት ከጎንዶች የተማራችሁት መሆኑን ተናገሩ፣ የጎንድ ሥዕል ነው ግን አትበሉ፣ ስሙ የእነሱ ነው። ነጠብጣቡ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም፤ ወረቀቱን ሳትጠቀልሉ አንድ ሌሊት አሳድሩት።